ቀብድ የተከፈለበት ፊት

ሥዕል ሊያሠራ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ቀጥሎ «መቼ ይደርሳል?» ይላል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያል። ፎቶው ብዙ ጊዜ ከመታወቂያ ላይ የተነሳ ጉርድ ነው፤ ካልሆነም ከሠርግ ቪዲዮ ተቆርጦ የወጣ ብዥ ያለ ፊት፣ ወይም በልደት ቀን ከኬኩ ጀርባ ዓይኑን እንደጨፈነ የተያዘ ሰው። «ይቺን በዘይት ቀለም ትሠራልኛለህ። ትንሽ ልጅ አድርጋት። ልብሷን ደግሞ የሀገር ልብስ አልብሳት።»

አዲስ አበባ ውስጥ በሰው ምስል ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ አንድ ሠዓሊ እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣበት ዋጋ ከመጥራቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል። (ስሙ እዚህ እንዲጻፍ አልፈለገም፤ «ስሜ ሸራው ላይ አለ» ነው ያለኝ።) ጥያቄው «ማን ሊያየው ነው?» የሚል ነው። ደንበኞቹ ግር ይላቸዋል። ማንም ያየዋል፤ ግድግዳ ላይ አይደል የሚሰቀለው? እሱ ግን መልስ ሳያገኝ ወደ ሌላ ጉዳይ አያልፍም። ጡረታ ለወጡ ኃላፊ መሥሪያ ቤታቸው የሚያሠራው ምስል ኮሪደር ላይ ይሰቀላል፤ የሚያየው መንገደኛ ስለሆነ ከሩቅ የሚለይ መሆን አለበት። የሟች አባትን ምስል የሚያዩት ልጆቹ ናቸው፤ እነሱ የአባታቸውን አገጭ ከማንም ሠዓሊ በተሻለ ያውቁታል። ለባሏ ስጦታ ብላ የራሷን ምስል የምታሠራ ሴት ደግሞ ሁለት ተመልካች አላት፤ ሁለቱ የሚወዱት ፊት አንድ ላይሆን ይችላል።

መልክ መያዝ ብቻ ከሆነ ስልክ በነጻ ይይዛል። የዘይት ቀለም ምስል የሚያሠራ ሰው ገንዘብ የሚሄደው፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ሌላ ሰው ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ ለብዙ ሰዓት እንዲያየው ነው። ይህን ያልተረዳ ደንበኛ ዋጋ ላይ ሙግት ገጥሞ ትንሽ ያስቀንሳል። ከየት እንደተቀነሰለት ግን አይጠይቅም። ሸራው ያው ሸራ ነው፤ ቀለሙም ያው ቀለም። የሚቀነሰው መቀመጡ ነው። አምስት ጊዜ መምጣት የነበረበት ሰው ሁለት ጊዜ ይመጣና የቀረው ከፎቶ ይሞላል።

ሉሲያን ፍሮይድ የእንግሊዟን ንግሥት ኤልሳቤጥን ሲሥል፣ ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2001 እየተመላለሱ ተቀምጠውለታል። ያ ሁሉ ጊዜ ፈጅቶ የወጣው ሥዕል ከደብተር የማይበልጥ፣ 23 ተኩል በ15 ሴንቲ ሜትር ግድም የሆነ ሸራ ነው። እኛ ሀገር ግን ሥዕል እንደ ምንጣፍ በሜትር የሚለካ የሚመስለው ደንበኛ ብዙ ነው። «በዚህ ዋጋ ትልቁን አድርግልኝ» ይላል። ሠዓሊውም ትልቁን ያደርግለታል፤ ትርፉን ቦታ በመጋረጃ ይሞላዋል።

ወደ አዲስ አበባው ሠዓሊ ስቱዲዮ የሄድኩት ግንቦት ላይ ነው። የዕለቱ ተቀማጭ የ74 ዓመት እናት ናቸው። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሴቷ እዚሁ፣ ወንዱ ዋሽንግተን አካባቢ። ወጪውን የሚሸፍነው ልጁ ነው፤ ትእዛዙን የምትከታተለው እህቱ። እናትየው ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ አዲስ ነጠላ ደርበው፣ ፀጉራቸውን በጥቁር ሻሽ አስረው መጥተዋል። ሠዓሊው ወንበሩን ከመስኮቱ ገለል አድርጎ አስቀመጠና፣

«እማማ፣ ፊትዎን ወደ በሩ ያድርጉልኝ። ዓይንዎ ግን እኔ ጋ ይሁን» አላቸው።

«ለምን ወደ ጎን? እኔ ሰይጣን ነኝ እንዴ በአንድ ዓይን የምሣለው?»

«ሁለቱም ዓይን ይታያል እማማ። ዘወር አደረግኩዎት እንጂ አልሸፈንኩዎትም።»

ልጃቸው ሳቀች። ሠዓሊው ግን ከልቡ ነው ያስረዳቸው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእሳቸው የመጀመሪያው አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው ታይቶ ወደ ምእመኑ ይመለከታሉ። በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሣሉት ርኩሳን መናፍስትና የቅዱሳን ጠላቶች ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በየቅድስቱ ግድግዳ ይህን ሲያዩ ያደጉ እናት፣ ፊትዎን ያዙሩ ሲባሉ ቢደነግጡ አያስገርምም። የዘይት ቀለም ሠዓሊ ፊትን በከፊል የሚያዞረው ደግሞ የራሱ ምክንያት ስላለው ነው። ቀጥ ብሎ ከፊት የታየ አፍንጫ ቁመቱ አይታወቅም፤ ጉንጭና አገጭም ተዘርግተው ይቀራሉ። ትንሽ ሲዞር ግን ብርሃኑ በአንድ ወገን ይወርድና አጥንቱ ይወጣል። በመጨረሻ በስምምነት ጨረሱት፤ ከተለመደው ያነሰ አዞራቸው።

ሥዕል በገንዘብ ማሠራት በሀገራችን የኖረ ነገር ነው። ልዩነቱ ከፋዩ ሸራው ላይ የሚይዘው ቦታ ነበር። ጣና ሐይቅ ውስጥ፣ በደቅ ደሴት የሚገኘውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ከእመቤታችንና ከልጇ ሥዕል ሥር እቴጌይቱ በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። ልብሳቸው የንግሥት ነው፤ አቀማመጣቸው ግን የተማኅፃኝ። ከእሳቸው በፊትም በኋላም ብዙ መኳንንትና ባላባት፣ ከነሚስቶቻቸው፣ በየደብሩ እንዲሁ ከታች ጥግ ላይ ተሥለዋል። ሥዕሉን ያሠራ ሰው ፊቱን የሚያስገባው ወደላይ የሚለምንለት ነገር ስላለው ነበር። መሐል ላይ መቀመጥ የሚያስብም አልነበረም።

ያሠሪው ፊት ከጥግ ወደ መሐል የመጣው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም። በአንድ በኩል ፎቶግራፍ መጣ። ከአፄ ምኒልክ ጊዜ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች የነበሩት የአርመኖቹ የቦያጅያን ቤተሰብ ያነሷቸው ምስሎች፣ መኳንንቱ በጎራዴና በካባ ብቻቸውን መሐል ላይ የመቆምን ነገር እንዲለምዱት አደረጉ። በሌላ በኩል ውጭ የተማሩ ሠዓሊዎች መጡ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ፓሪስ ተልከው የተማሩት አገኘሁ እንግዳ ሰው አስቀምጠው በዘይት ቀለም ከሠሩት ቀደምቶች አንዱ ናቸው። ቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲመሠርቱ ደግሞ፣ ሞዴል አስቀምጦ መሣል የተማሪዎች ሥራ ሆነ። የአፈወርቅ ተክሌ የራስ ምስል ፍሎረንስ ከሚገኘው የኡፊዚ ሙዚየም ስብስብ መግባቱን ስንሰማ፣ ጉዳዩ ምን ያህል ርቆ እንደሄደ እናያለን፤ ከቅዱሳን እግር ሥር ተደፍቶ የነበረው ፊት በሦስት መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ብቻውን በክፈፍ ውስጥ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

አሁን ወደ መስኮቱ። የአውሮፓ የሥዕል መጻሕፍት ስቱዲዮ መስኮቱ ወደ ሰሜን ይሁን ይላሉ። እነሱ ዘንድ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትዞር የሰሜን ብርሃን ከጠዋት እስከ ማታ አይለዋወጥም። የእኛ ሠዓሊዎችም ትምህርቱን እንዳለ ተቀብለውታል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ አራተኛው ሳምንት ግድም የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ ጠዋትና ከሰዓት በሰሜኑ መስኮት ሸርተት ብላ ትገባለች። እናም የዚህ ሠዓሊ መስኮት ላይ በግንቦት ነጭ አቡጀዲ ተወጥሮበታል። ጥቅምት ላይ ያወርደዋል። ደንበኛ ሲቀጥርም ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት የተጀመረ ምስል ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይቀጥላል። ከሥራ ወጥቼ በአሥራ አንድ ሰዓት ልምጣ የሚል ደንበኛ ሌላ ፊት ይዞ ነው የሚመጣው።

የወንበሩ እግሮች ያረፉበት ወለል ላይ በጠመኔ ምልክት ተደርጓል። እማማ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቀመጡና ይነሳሉ፤ ሻይ ይጠጣሉ፤ እንደገና ወደ ምልክቱ ይመለሳሉ። ሠዓሊው ግንባርና ጉንጭ ላይ ሲሠራ ያስወራቸዋል። ስለ ጠላ አጠማመቅ ጠይቋቸው የጌሾውን መጠን እየተቆጡ ሲነግሩት ፊታቸው ነቃ። ዝም ያሉ እንደሆነ ድካም ይመጣል፤ የጉንጩ ሥጋ ይወርዳል፤ ከደቂቃዎች በኋላ የሚሣለው እንቅልፍ ነው። ወደ አፍ ሲደርስ ብቻ «እማማ፣ አሁን ዝም» ይላል።

መጀመሪያ የጣለው ቀለም በአኳራጃ የቀጠነ ቡናማ አምበር ነበር። ሸራውን በሙሉ በዚያ ቀባው፤ ከዚያ ብርሃን ያረፈበትን ቦታ በጨርቅ እየጠረገ አወጣ። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ፊት ሳይሆን ፊት የሚሆንበት ቦታ ተገኘ። ልጅቷ ከጀርባው ቆማ ስታይ ቆየችና፣

«ጋሼ፣ አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ቢተዉትስ? ደግሞ ትንሽ ቀላ ቢያደርጓት» አለችው።

እሱ ከመመለሱ በፊት እናትየው ቀደሙት። «ተዪ እንጂ! ሲነቅሱኝ የጮህኩት እኔ ነኝ አንቺ?»

ንቅሳቱ በዚህ ተዘጋ፤ የቆዳው ነገር ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። እኛ የሰውን መልክ ቀይ፣ የብስል ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ስንለይ ኖረናል፤ ሥዕል ስናሠራ ግን አንድ ደረጃ ከፍ ማለት የሚፈልግ ይበዛል። ሠዓሊው ለዚህ የሚሰጠው መልስ ስለ ክብር ወይም ስለ ማንነት አይደለም። ስለ ቀለም ነው። ቡናማ ውስጥ ነጭ ሲጨመር ቡናማው አይቀላም፤ አመድማ ይሆናል። የታመመ ሰው ፊት ይወጣል። የጠይም ፊት ብርሃን ከነጭ የሚመጣ ሳይሆን ከኦከርና ከትንሽ ቀይ ነው፤ ጥላው ከተቃጠለ ሲዬናና ከአልትራማሪን ሰማያዊ ይቀዳል። ግንባር ላይ ብልጭ የሚለው ነጥብ ደግሞ የቆዳው ቀለም ጭራሽ አይደለም፤ የመስኮቱ ነው። ሰማይ ከወጣ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ አቡጀዲ ከተወጠረ ወደ ክሬም። ጥቁር ቆዳ እንዲህ ያለውን ነጸብራቅ ከቀይ ቆዳ ይልቅ አጉልቶ ይሰጣል። ጥሩ ሠዓሊ ሆኖ ሳለ ጥቁር ፊት መሥራት ከባድ ነው የሚል ካለ፣ ነጭ ሞዴል ካለበት መጽሐፍ ብቻ ተምሯል ማለት ነው።

ንቅሳቱን እንዴት እንደሠራው ቆሜ አይቻለሁ። በቀጭን ብሩሽ መስመር ቢያሰምር ከላይ የተለጠፈ ይመስል ነበር። ንቅሳት ከቆዳ ሥር ነው ያለው። የአንገቱ ቀለም ገና እርጥብ እንዳለ፣ ሰማያዊና ጥቂት አረንጓዴ በብሩሽ ጫፍ ይዞ ቡናማው ውስጥ አስገባው፤ ከዚያ በደረቅ ብሩሽ አንዴ ብቻ ዳበሰው። ጠርዙ ተነነ። የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅ ሳሉ የተነቀሰ፣ በስድሳ ዓመት ውስጥ የደበዘዘ ንቅሳት ሆነ። ይህ ከመታወቂያ ጉርድ ላይ አይገኝም።

ነጠላው ሌላ ሥራ ነው። ነጭ ልብስ በሥዕል ላይ ነጭ የሆነ ቦታው ጥቂት ነው፤ የቀረው ግራጫ፣ ቢጫማ፣ ሰማያዊማ ነው። ጥለቱን አንድ በአንድ የሚቆጥር ሠዓሊ ፊቱን ያጣዋል፤ ዓይን ወደ ጥለቱ ይሄዳልና። ይልቅ አለባበሱ ላይ መጠንቀቅ ይሻላል። ሠዓሊው ከዓመታት በፊት ፎቶ ተልኮለት ለአንዲት እናት የሀገር ልብስ «ሲያለብስ» ጥለቱን ወደ ትከሻ አዙሮት ነበር። ቤተሰቡ ሥዕሉን ሲያይ ክው አለ። ጥለት ወደ ላይ የሚዞረው ለሐዘን ነው። ሴትየዋ ደግሞ በሕይወት አሉ። እንደገና ሠራው፤ በራሱ ወጪ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ወረቀት ላይ ይሰፍራል። አንድ ገጽ ነው፤ የሸራው ስፋት፣ ጉርድ ይሁን ከነእጅ ወይስ ሙሉ ቁመት፣ ልብሱ፣ የጀርባው ዓይነት፣ ስንት ጊዜ መቀመጥ፣ መቼ ማስረከብ፣ ፍሬም ይጨምር አይጨምር። እጅ የገባበት ምስል ከጉርዱ በደንብ ይወደዳል፤ እጅ ከፊት ያላነሰ ሥራ አለው። ግማሽ ቀብድ፣ ግማሽ ሲያልቅ። ደንቡ አዲስ አይደለም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የሠሩት ሰር ጆሹዋ ሬይኖልድስም የመጀመሪያው ቀን ላይ ግማሹን ይቀበሉ ነበር፤ ዋጋቸው እ.ኤ.አ. በ1764 ለጉርድ 30፣ ለግማሽ ቁመት 70፣ ለሙሉ ቁመት 150 ጊኒ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ሊገባ የሚገባው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር «ካልወደድኩትስ?» ነው። ከዚህ ላይ የዊንስተን ቸርችል ታሪክ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለቱ የእንግሊዝ ምክር ቤቶች ለቸርችል 80ኛ ዓመት ልደት ግራሃም ሰዘርላንድ የሚባለውን ሠዓሊ አዝዘው ምስላቸውን አሠሩ። በዌስትሚንስተር አዳራሽ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ተገለጠ። ቸርችል ሥዕሉን አልወደዱትም፤ በንግግራቸውም ከማሾፍ አልተቆጠቡም። ሸራው ለእሳቸው የተሰጠ ነበርና ቤታቸው ገባ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሕዝብ አልታየም። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ሥዕሉ ድሮ መጥፋቱ ታወቀ። ሠዓሊው ያየውን ሣለ፤ ከፋዮቹ የሚያከብሩትን ሰው ሊያከብሩ ፈለጉ፤ የተሣለው ሰው ደግሞ ሽምግልናው በአደባባይ እንዲሰቀልበት አልፈለገም።  ሠዓሊያችን «ማን ሊያየው ነው?» የሚለው ነገር ያኔ ቢጠየቅ ኖሮ መልሱ አዳራሹን ሳይሆን ሽማግሌውን ያስቀድም ነበር።

በስጦታ ስም በድብቅ ምስል ማሠራትን እኔ አልመክርም። ለባለ ልደቱ ድንገተኛ ደስታ ይሆናል ተብሎ የሚሠራ ነው፤ ሰውየው ግን አንድም ቀን ሳይቀመጥ፣ ሳይጠየቅ ፊቱ ተሠርቶ ይቀርብለታል። ደግሞ ሕግም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ቦታ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። ሠዓሊው የእማማን ምስል በኤግዚቢሽን ሊያሳይ ቢፈልግ ፈቃዱ ከእሳቸው ነው። በሌላ በኩል የማባዛት መብቱ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ሁለቱም ወረቀቱ ላይ በአንድ አንድ መስመር ቢሰፍሩ ኋላ ጠብ አይኖርም።

ስለ ቀለሙ ጥቂት ልበል፤ ደንበኛ ፈጽሞ የማይጠይቀው እሱን ነው። የዘይት ቀለም ማለት በተልባ ዘይት የተለወሰ የቀለም ዱቄት ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ላዩ በቀናት ወይም በሳምንታት ይነካል፤ ውስጡ ግን ወራት ይፈልጋል። በክረምት ብርድና እርጥበት ይዘገያል። ለዚህ ነው የታችኛው ንብርብር በአኳራጃ ቀጥኖ፣ የላይኛው በዘይት ወፍሮ የሚቀባው፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ ቶሎ የደረቀው ላይኛው ገጽ ገና የሚንቀሳቀሰው ታችኛው ላይ ይሰነጠቃል። «በሳምንት አድርስልኝ» የሚል ደንበኛም፣ እሺ የሚለው ሠዓሊም፣ ስንጥቁን ከአሁኑ እያዘዙ ነው።

ሸራው ደግሞ ብዙ ጊዜ አቡጀዲ ነው። አይናቅም፤ የድሮ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎችም ብዙዎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርተው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። ነገር ግን በደንብ መወጠርና መለበጥ አለበት፤ ዘይቱ በቀጥታ ጨርቁን ከነካ ያበሰብሰዋል። ቀለሙ ላይ መቆጠብም ዋጋ ያስከፍላል። ሬይኖልድስ ከላይ ያየነውን ያህል እያስከፈሉ እንኳ ብርሃን የማይችል ቀይ ይጠቀሙ ስለነበር፣ ጉንጫቸው የቀላ ደንበኞቻቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገርጥተው ቀሩ። ከቱቦው ላይ ብርሃን የመቻሉ ደረጃ ይጻፋል። ደንበኛ ቱቦውን ልይ ቢል ደህና ሠዓሊ አይቀየምም።

ከሁሉ የሚከብደው የሟች ምስል ነው። ቤተሰብ ከቀብር መልስ፣ ወይም ሙት ዓመት ሲቃረብ፣ ለቀስተኛ ይዞት የነበረውን በፍሬም የገባ ፎቶ ያመጣል። ያ ፎቶ ራሱ ከጉርድ ተስቦ የሰፋ ነው፤ ዓይኑ ሁለት ጥቁር ነጥብ ሆኗል። ሠዓሊው ፎቶ ከመቀበሉ በፊት «ማን ይመስለዋል?» ይላል። አንድ ልጅ ወይም ወንድም ይገኛል። እሱ ይቀመጣል፤ የጆሮው አወጣጥ፣ የቅንድቡ አጥንት፣ የቆዳው ቀለም ከእሱ ይወሰዳል። አንዲት እህት ሟች ወንድሟ ሲያዳምጥ አንገቱን ወዴት ያዘነብል እንደነበር ለማሳየት ተነስታ ቆማ እንደሠራችው ነግሮኛል። ሥዕሉ የተሠራው ከፎቶው ይልቅ ከዚያ ነው።

በሕይወት ላለ ሰው ከፎቶ መሥራት ግድ ከሆነ ደግሞ ፎቶው በወጉ ይነሳ። ስልክ ፊት ሥር ተጠግቶ ሲያነሳ አፍንጫን ያተልቃል፤ ጆሮን ይሰውራል። ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ በዓይን ትክክል፣ መስኮት በአንድ ጎን ሆኖ፣ ያለ ፍላሽ። በፊት ማሳመሪያ መተግበሪያ የተላጠ ፎቶ አይሆንም፤ እዚያ ላይ የሚሣል አጥንት የለም።

የእማማ ምስል ሰኔ መጨረሻ ላይ አለቀ፤ ክረምቱን ስቱዲዮው ውስጥ ፊቱን ወደ ብርሃን አድርጎ ከረመ። በጨለማ ቢቀመጥ የተልባው ዘይት ቢጫ ይሆናል። መሐል ላይ ልጁ ከዋሽንግተን ደወለ። እሱ ዘንድ እንዲላክለት ነበር ፍላጎቱ፤ እህትየው ደግሞ እናታችን ባለችበት ይቀመጥ አለች። ሥዕል ተጠቅልሎ ይላካል፤ ግን ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ፣ በወፍራም ቱቦ ላይ ነው። ወደ ውስጥ የሚጠቀልለው ብዙ ነው፤ ሲዘረጋ ቀለሙ ተጨማድዶ ይገኛል። የሠዓሊው ፊርማ ያለበት ደረሰኝ አብሮ ቢሄድ አየር ማረፊያ ላይ ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ያሳጥራል። ይህ ሁሉ ተነጋግረውበት ሳለ እናትየው ተጠየቁ። «እሱ እንኳን ሥዕሌን እኔንም አልመጣም ብሎ ነው። መጥቶ ይየው» አሉ። ለልጁ በፎቶ የታተመ አንድ ቅጂ እንዲላክለት ተስማሙ፤ ወረቀቱ ላይ በእጅ ተጨምሮ ተፈረመ።

መስከረም ላይ ሸራው ቤታቸው ገባ። ሳሎን ውስጥ ሊሰቀል የታሰበበት ቦታ ከረከቦቱ በላይ ያለው ግድግዳ ነበር፤ ሠዓሊው እዚያ አይሆንም አለ። ቫርኒሽ ያልተቀባ ሥዕል የከሰሉንም የዕጣኑንም ጭስ ይጠጣዋል። በተቃራኒው ግድግዳ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይደርስበት፣ ከተቀማጭ ሰው ዓይን ትንሽ ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ቀሪው ግማሽ ክፍያ በዚያው ተፈጸመ። ቫርኒሹ የሚቀባው ዓመት ሲሞላው ነው፤ ለዚያም ተቃጥረዋል። እስከዚያ ድረስ አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ እንዲያራግፉ፣ በእርጥብ ጨርቅ እንዳይነኩት ለቤት ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ ተነግሯታል።